የጥንት ዕቃን መግለጽ፦ የታየውንና የተገመተውን በማሰሪያ አንቀጽ መለየት
ገላጭ ድርሰት የሚጽፍ ሰው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ዓይኑንና እጁን ያሠራል። ይህ ደንብ ተራራን ለመግለጽም ሰውን ለመግለጽም ያገለግላል፤ ይበልጥ የሚፈተነው ግን ዕድሜው ያልታወቀ ዕቃ በተገኘ ጊዜ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ቤት ሲለቀቅ ከአልጋ ሥርና ከሣጥን ውስጥ ለብዙ ዘመን የተቀመጠ ዕቃ ይወጣል። ዕቃው ከባለቤቱ ሲለይ ታሪኩን የሚናገርለትን ሰው ያጣል። ሻጭ «የአፄ ምኒልክ ዘመን ነው» ይላል፤ ገዥም ቃሉን ይደግማል፤ ዕቃው ሦስት እጅ ካለፈ በኋላ ወሬው እንደ ማስረጃ ይቆጠራል።

እንግዲህ በፒያሳ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ገብታችሁ ሁለት የሸክላ ሥራዎች አገኛችሁ እንበል፤ አንደኛው የሚያብረቀርቅ ቡናማ የአበባ ማስቀመጫ፣ ሁለተኛው ጥቁር ጀበና ነው።

የአበባ ማስቀመጫውን ገልብጡና መቀመጫውን ተመልከቱ። ፊቱን ወደ ግራ ያዞረ «አር» የተባለው የላቲን ፊደል «ፒ» ከተባለው ጋር ጀርባ ለጀርባ ተጣብቆ፣ በዙሪያውም ትናንሽ ነበልባሎች ታትመው ቢታዩ፣ ምልክቱ የሩክዉድ ነው። ሩክዉድ በአሜሪካ በሲንሲናቲ ከተማ ማሪያ ሎንግወርዝ ኒኮልስ እ.ኤ.አ. በ1880 ያቋቋመችው የሸክላ ሥራ ድርጅት ነው። ድርጅቱ ይህን ምልክት በ1886 ከያዘ በኋላ በየዓመቱ አንድ ነበልባል እየጨመረ በ1900 አሥራ አራት አደረሰ፤ ከ1901 ጀምሮ ደግሞ ከምልክቱ ሥር የሮማውያንን ቁጥር ማተም ጀመረ። ስለዚህ ዘጠኝ ነበልባል ብትቈጥሩ ዓመቱ 1895 ነው፤ በእኛ አቈጣጠር የዓድዋ ጦርነት ዋዜማ መሆኑ ነው። ብዙ ጊዜም የሠዓሊው የስም መነሻ ፊደላት በሹል ነገር ተጭረው ይገኛሉ። የዚህ ዓይነቱ ዕቃ የልደት ወረቀቱን ከእግሩ ሥር ይዞ ይዞራል ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የተጻፈ ዓመት ሁሉ የተሠራበት ዓመት አይደለም። ለረጅም ዘመን በፒያሳ የወርቅና የብር ሱቆች ሲሸጥ የኖረውን ማርትሬዛ ብር አስታውሱ። ንግሥቲቱ ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላ የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ 1780ን እንደያዘ ወጥቷል። ዓመቱን ብቻ አንብቦ «ይህ ብር በ1780 ተመታ» ብሎ የጻፈ ሰው የሚያየው ምልክት እውነት ቢሆንም ፍርዱ ስሕተት ሊሆን ይችላል።

ጀበናውስ? እርሱን ብትገለብጡት ፊደልም ነበልባልም የለበትም። በአገራችን ሸክላ የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ጭቃውን ያለ ማሽከርከሪያ በእጃቸው ቀርጸው በሜዳ እሳት ይተኩሱታል፤ ስማቸውን ግን አይጽፉበትም። ስለዚህ በፊደል ፈንታ የእጅን ፈለግና የአገልግሎትን ምልክት መፈለግ ያስፈልጋል። ጥቁረቱ አያታልላችሁ። የምድጃ ጭስ አዲስ ጀበናን በአጭር ጊዜ ያጠቁረዋልና ጥቁረት ዕድሜ አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ጽሑፎች አነጻጽሩ።

ሀ. «ይህ ጀበና የአፄ ምኒልክ ዘመን ቅርስ ነው። እጅግ ውብና ዋጋው የማይተመን ነው።»

ለ. «ጀበናው ጥቁር ነው። አንገቱ ረጅምና ቀጭን ነው፤ እጀታው ከአንገቱ ተነሥቶ ከሆዱ ላይ ያርፋል። የአፉ ጠርዝ የጥፍር ያህል ተሸርፏል፤ በተሸረፈበት በኩል ቀይ አፈር ይታያል። የእጀታው ውስጠኛ ጎን ለስልሷልና ብዙ ያገለገለ ይመስላል። ሻጩ ከወላጆቹ ቤት የወጣ መሆኑን ተናግሯል። የተሠራበት ዘመን አልታወቀም።»

በመጀመሪያው ጽሑፍ ሁሉም ነገር በ«ነው» ታስሯል፤ ጸሐፊው ያየው ነገር ግን አንድም አልተነገረም። በሁለተኛው ዓይን ያየው በ«ነው» እና በ«ይታያል»፣ ከምልክት የተገመተው በ«ይመስላል»፣ ከሰው የተሰማው በ«ተናግሯል» ታስሯል። ግምቱ የጠነከረ ቢሆን ኖሮ «ሳይሆን አይቀርም» ማለት ይቻል ነበር። ከሁሉም የሚከብደው የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነው፤ ገዥ ፊት ለፊት ቆሞ «አልታወቀም» የሚል ነጋዴ ብዙ አይገኝም።

«ቅርስ» የሚለውንም ቃል በጥንቃቄ ያዙት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትን ይከለክላል። ስለዚህ ቃሉ ማድነቂያ ብቻ አይደለም፤ ያለ ማስረጃ የጻፈው ሰው ተራውን ዕቃ ያስይዛል፤ ያለ ማስረጃ የካደውም እውነተኛውን ቅርስ ያስወጣል።

መልመጃ። ከቤታችሁ ወይም ከጎረቤት አንድ አሮጌ ዕቃ ለምኑና ገልብጣችሁ፣ ዳስሳችሁ፣ ቢቻል ለክታችሁ በአሥር ዐረፍተ ነገር ግለጹ። ከዚያም በማሰሪያ አንቀጾቻችሁ ሥር አስምሩ፤ በ«ነው» ካሰራችኋቸው መካከል በዓይናችሁ ያላያችሁትን እየለያችሁ እንደገና ጻፉ። ዕቃውን ሰብራችሁ እንዳትመልሱ።