ስፒከር ከመላካችን በፊት ስለ ሳጥኑ እንወቅ

ባለፈው እሁድ ሻይ ላይ አንዲት እህታችን ወንድሟ «ለመኪናዬ ቤዝ ላኪልኝ» እያለ እንዳስጨነቃት ስትነግረን፣ ሌሎቻችሁም «የኔም እንደዚሁ ብሏል» ስትሉ ሰማሁ። ስለዚህ በእኔ የደረሰውንና ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ልጽፍላችሁ ወደድኩ። ሴት ልጅ ስለ ስፒከር ምን አገባት የምትል ካለች ትንሽ ትታገሠኝ። ከፋዮቹ እኛ ነን፣ ማወቅም ያለብን እኛው ነን።

እ.ኤ.አ. በ2017 ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ውስጥ በአሮጌ ኮሮላ ኮንትራት ይሠራ ነበር። «እታለም፣ የሰርግ ሥራ የሚያገኙት ሙዚቃቸው የሚደልቅ መኪኖች ናቸው። አንድ ቤዝ ብትልኪልኝ ራሴን እችላለሁ፣ ከዚያ በኋላ አልጠይቅሽም» አለኝ። ይህችን «ከዚያ በኋላ አልጠይቅሽም» የምትለዋን ቃል ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። እኔም የሁለት ወር ደመወዜን አውጥቼ፣ እዚሁ ቤይሩት ከአንድ ሱቅ 1000 ዋት የሚል የተለጠፈበትን፣ ከነሳጥኑ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ገዛሁ። የካርጎው ሰው ደግሞ ዕቃው ቦታ ይይዛል ብሎ ከክብደቱ በላይ አስከፈለኝ። ለካስ የላክሁት አብዛኛው አየር ነው!

ደርሶ ሲገጠም አንድ ድምፅ ብቻ እየደጋገመ ቡም ቡም ይላል፣ የሳጥኑ እንጨት ራሱ ይንቀጠቀጣል፣ ዘፈኑ አይለይም። ይህስ ይሁን። በሦስተኛው ሳምንት ከባትሪው የተሳበው ሽቦ በር ሥር ተላልጦ ከብረቱ ጋር ተገናኘና ምንጣፉን አጨሰው። ወንድሜ ሮጦ ባትሪውን ባይነቅለው ኖሮ መኪናውም እንጀራውም አብረው ይሄዱ ነበር። ስልክ ደውሎ ሲነግረኝ ወጥ እየሠራሁ ነበር፣ ማማሰያውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

በዚያው ክረምት የማዳም ትልቁ ልጅ ሕንፃው ሥር ባለው ጋራዥ ለራሱ መኪና ሳጥን ሊሠራ ተነሣ። እኔን እንጨት ያዢልኝ ብሎ ጠራኝ። ልጁ ኢንጂነሪንግ የሚማር ስለሆነ ማስረዳት ይወዳል፣ እኔም ያ ሁሉ ገንዘቤ እያንገበገበኝ ስለነበር መጠየቅ አላቋረጥኩም። በ2018 ለዕረፍት አገሬ ስገባ ከወንድሜ ጋር በተራችን ሠራነው።

መጀመሪያ ሳጥኑ ለምን ያስፈልጋል? በሳፋ ውሃ ውስጥ ሰሃን አቁማችሁ ወደፊትና ወደኋላ ቀስ ብላችሁ ግፉት። ከፊቱ የተገፋው ውሃ በጠርዙ ዞሮ ወደ ጀርባው ይገባል እንጂ ሩቅ አይሄድም። ስፒከርም እንደዚሁ ነው። ፊቱ አየር ሲገፋ ጀርባው ይስባል፣ ወፍራሙ ድምፅ በጠርዙ ዞሮ ራሱን ያጠፋል። ቀጭን ድምፅ ላይ ይህ ብዙም አይታይም፤ ነገር ግን በሰከንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 8 ሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ በቀላሉ ይዞራል። ሳጥኑ የፊቱን ከጀርባው ይለያል።

ሁለተኛው ሥራው ደግሞ ይበልጣል። ሳጥኑ ዙሪያውን ከተደፈነ ውስጡ ያለው አየር እንደ ሞላ ሆኖ ስፒከሩን ገፍቶ ይመልሰዋል። ይህንን አሠራር ኤድጋር ቪልቸር የሚባል አሜሪካዊ በ1954 ካስተዋወቀ ወዲህ ወፍራም ድምፅ ለማግኘት የግድ የቁም ሣጥን የሚያህል ነገር አያስፈልግም። ሞላው ግን ልክ አለው። ሳጥኑ ሲጠብ ሞላው ይደርቃል፣ ድምፁም የኔ ወንድም እንደሰማው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይጮኻል፤ በጣም ሲሰፋ ደግሞ ስፒከሩ ያለ ልጓም ይወጣና ይጎዳል። ስለዚህ ስፒከር ስትገዙ አብሮት ያለውን ወረቀት አትጣሉ። ለተደፈነ ሳጥን ስንት ሊትር እንደሚፈልግ ተጽፎበታል። ወረቀት የሌለው ስፒከር አትግዙ፣ በርካሽ ቢሰጧችሁም።

ስለ ዋት አንድ ነገር ልንገራችሁ። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ለዓይን ነው፤ የምትፈልጉት አር.ኤም.ኤስ ከሚለው አጠገብ ያለውን ነው። ሻጩ ከተከራከራችሁ አምፕሊፋየሩ ጎን ላይ የተሰካችውን ፊውዝ እዩ። በላይዋ የተጻፈውን ቁጥር በ14 አባዙት። ለኔ በተሸጠልኝ ላይ 15 የምትል አንዲት ፊውዝ ነበረች፤ 15 በ14 ሲባዛ 210 ነው። ከባትሪው 210 ዋት የሚወስድ ዕቃ፣ ያውም ከፊሉን በሙቀት የሚያባክን፣ 1000 ዋት ከየት ያመጣል? ይህችን ስሌት በዚያን ጊዜ ባውቃት ኖሮ! የአምፕሊፋየሩና የስፒከሩ ኦምም መጣጣም አለበት፤ አምፕሊፋየሩ ከሚችለው ያነሰ ኦም ያለው ስፒከር አይታሰርበትም።

አሁን ወደ እንጨቱ። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኤምዲኤፍ ይሻላል፣ ወፍራም ኮምፔንሳቶም ይሆናል። ቺፑድ ግን ብሎኑን አይዝም፣ ጠርዙም ይፈረፈራል። እኛ የገዛነው ባለ 12 ኢንች ስፒከር 28 ሊትር የሚፈልግ ነበር። የሳጥኑን የውስጥ ርዝመት፣ ቁመትና ጥልቀት በሴንቲ ሜትር ታባዛላችሁ፣ ለ1000 ታካፍላላችሁ፣ ሊትሩ ይወጣል። የኛ 45 በ30 በ22 ነበር፤ 29.7 ሊትር መጣ። ስፒከሩ ራሱ በማግኔቱ 2 ሊትር ያህል ስለሚይዝ ቀሪው ወደ 28 ይጠጋል።

እዚህ ላይ ወንድሜ ያጠፋትን እንዳትደግሙ። ይህንን ልክ ለአናጢው በስልክ ነገረውና አናጢው በውጭ በኩል ወሰደው። እንጨቱ በሁለቱም ወገን 1.8፣ 1.8 ሲበላ የውስጡ 41.4 በ26.4 በ18.4 ይሆናል። ይህ ደግሞ 20 ሊትር ብቻ ነው፣ ሲሶው ጠፋ ማለት ነው። ያውም የስፒከሩ ቀዳዳ 28 ሴንቲ ስለሚፈልግ ጭራሽ አይገባም። «ጋሼ፣ የውስጡን ነው ያልንዎት» ብንላቸው፣ «ልጄ፣ እኔ የሰማሁት ልክ ነው እንጂ ውስጥና ውጭ አልሰማሁም» አሉን። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ለአናጢ የሳጥኑን ልክ አትስጡ፤ የእያንዳንዱን ቁራጭ ልክ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ። የኛው ይኸው፦ ፊትና ጀርባ 48.6 በ33.6 ሁለት፣ ላይና ታች 48.6 በ22 ሁለት፣ ግራና ቀኝ 30 በ22 ሁለት። ከሙሉው ጣውላ ሩቡ እንኳ ስለማይሞላ ከእንጨት ቤት ትርፍ ቁራጭ ብትጠይቁ ይበቃል። ሲቆረጥ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ የኤምዲኤፍ አቧራ ለሳንባ ክፉ ነው።

ቁራጮቹ በኮላና በብሎን ይያያዛሉ። ብሎኑ ከመግባቱ በፊት በቀጭን መብሻ በትራፓኖ ይበሳ፣ አለዚያ ኤምዲኤፉ ይሰነጠቃል። ማዕዘኑን በስኳድራ እዩ። ኮላው ከደረቀ በኋላ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ከውስጥ በሲሊከን ድፈኑና አንድ ቀን ሙሉ ተዉት፤ እርጥብ ሲሊከን የሚያወጣው ጋዝ ስፒከሩን ሊጎዳ ይችላል። ሽቦው የሚወጣበትም ቀዳዳ ይደፈን። ስፒከሩ ከገባ በኋላ የኛን የፈተንነው በጧፍ ነው። ወፍራም ዘፈን በልኩ ከፍተን ጧፏን በየመጋጠሚያው አስጠጋን። አንዱ ጥግ ላይ እሳቷ ተንቀጠቀጠች፤ እዚያ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ወንድሜ «የቤተ ክርስቲያን ጧፍ ለዚህ?» ብሎ ሳቀብኝ፣ ነገር ግን ቀዳዳውን አገኘንበት።

የሽቦውን ነገር ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ፣ መኪና የሚያቃጥለው እሱ ነውና። ከባትሪ ወደ አምፕሊፋየር የሚሄደው ቀይ ሽቦ ፊውዝ ሳይኖረው አይሳብ። ያ ፊውዝ አምፕሊፋየሩ ጎን ያለው አይደለም፣ ሌላ ነው፤ ቦታውም ከባትሪው በ45 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው። ምክንያቱም ሽቦው መንገድ ላይ ተላልጦ ብረት ቢነካ የሚጠብቀው ከባትሪው አጠገብ ያለው ብቻ ነው። የወንድሜ መኪና ላይ የገጠመው ሰው «አምፕሊፋየሩ ላይ አለ፣ ይበቃል» ብሎ ተወው፣ ያ ነው ያጨሰን። ፊውዙ ሲቃጠል በትልቅ አትተኩት፣ በሽቦም አታስሩት። ሽቦው የሞተሩን ግድግዳ አልፎ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ የላስቲክ ቀለበት ይደረግለት። ለኛ 300 ዋት አምፕሊፋየር 10 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ተጠቀምን። ጥቁሩ ሽቦ አጭር ይሁን፣ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ በታየበት ቦታ በብሎን ይጥበቅ። ከቴፑ የሚመጣው የድምፅ ገመድ ከቀዩ ሽቦ ራቅ ብሎ በሌላው ጎን ይምጣ፣ አብረው ከሄዱ ሞተሩ ሲነሣ ስፒከሩ ውስጥ ያፏጫል።

በመጨረሻም ሳጥኑ ከነስፒከሩ ወደ 15 ኪሎ ይጠጋል። ዝም ብሎ ከኋላ የተቀመጠ እንደሆነ፣ መኪናው በድንገት ሲቆም ወይም ሲጋጭ የኋላውን ወንበር ገፍቶ ሰው ላይ ይመጣል። በብረት ማዕዘን ወይም በጠንካራ ቀበቶ ይታሰር። ከሥር የነዳጅ ታንከርና ቱቦ የት እንዳለ ሳይታይ ወለሉ አይበሳ። ትርፍ ጎማውም ከሥሩ እንዳይቀበር፤ ወንድሜ ሳጥኑን በሁለት ብሎን የሚፈታ አድርጎ ነው የሠራው፣ የሰርግ ሥራ በሌለ ቀን አውርዶ ቤት ያስቀምጠዋል፣ ዕቃ ይጭንበታል።

ለመላክ ያሰባችሁ ስፒከሩንና አምፕሊፋየሩን ብቻ፣ ዕረፍት በምትሄዱበት ጊዜ በሻንጣችሁ ልብስ መሃል ውሰዱ። የኔው ስፒከር 6 ኪሎ ነበር። እንጨቱ፣ ኮላውና አናጢው አገር ቤት አሉ። የቁራጮቹን ልክ በትልቁ ጽፌ ፎቶ ኮፒ አድርጌዋለሁ፣ የምትፈልግ እሁድ ከፕሮግራሙ በኋላ ከኔ ትውሰድ። የምትገዛው ስፒከር ከ28 ሊትር የተለየ ከሆነ ግን ወረቀቱን ይዛ ትምጣ፣ አብረን እንሰላዋለን።