ሎሚ ዛሬ ነው፣ ገናም ክረምት

ደብረ ሲና፣ ከጣርማ በር ዋሻ የሚወርደው አስፋልት ከተማውን አቋርጦ ወደ ሸዋ ሮቢት በሚያልፍበት። የኔታ ዕድሜያቸውን በቅኔ ቤት ያሳለፉ መምህር ናቸው፤ በጎልማሳነታቸው አድዋም ከሚሴም ተቀምጠዋል። ጠያቂዋ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ትማራለች።

ልጅቱ፦ የኔታ፣ ትናንት ከከሚሴ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሰውዬ በስልክ በኦሮምኛ ያወራል፤ በየመካከሉ «ሴራ» ይላል። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ፊታቸው ተለዋወጠ። «ምን ዓይነት ሴራ ነው በጠራራ ፀሐይ የሚዶለተው?» አሉኝ። እኔም ፈራሁ፣ የምመልሰው ጠፋኝ።

የኔታ፦ ሰውዬውስ ምን እያወራ ኖሯል?

ልጅቱ፦ ሲወርድ ጠየቅሁት። የመሬት ክርክር አለበት፤ ለወንድሙ ሕጉ የሚለውን እያስረዳው ነበር።

የኔታ፦ ሕግ ነዋ! ሴራ በኦሮምኛ ሕግ ነው። በገዳ ሥርዐት ጉባኤው ሕግ ሲደነግግ «ሴራ ቱሙ» ይሉታል፤ ቱሙ መቀጥቀጥ ነው፣ ቀጥቃጩም ቱምቱ ይባላል። ሕጉ እንደ ብረት ተቀጥቅጦ ቅርጽ ይይዛል ማለታቸው ነው። ሲዳማም ጉራጌም የአባቶቹን ደንብ ሴራ ይለዋል፤ ሀላባ ደግሞ ሴራ ብሎ የሚጠራው ዓመታዊ በዓል አለው። በእኛ አማርኛ ሴራ ይጠነሰሳል፣ ይሸረባል፣ ይጎነጎናል። አንዱ በአደባባይ በሽማግሌ ፊት የሚታወጅ፣ ሌላው በጓዳ በር ተዘግቶ የሚሠራ። እኒያ እናት የሰሙት ድምፁን ነው። ድምፅ ብቻውን ደግሞ ምስክር አይሆንም፤ ምስክር ያደረገው ሰው ሳያውቅ ጎረቤቱን ይበድላል። ወርደሽ መጠየቅሽ ደግ አድርገሻል።

ልጅቱ፦ ግን እንዴት ነው ሁለት ሕዝብ አንድ ቃል ይዞ ሁለት ነገር የሚለው?

የኔታ፦ እስቲ ፊደል እንቁጠር። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ ስንት ይመጣል?

ልጅቱ፦ 231።

የኔታ፦ ከዚያ ውስጥ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ የሆነውን አውጪ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ሆነዋል፤ ሠና ሰ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዚያው። አምስት ፊደል ወጣ፤ 28 ቀረ፣ በ7 ሲባዛ 196። በዚህች መጠን ነው ሰማዩንም ምድሩንም የምንጠራው። ኦሮምኛውም ትግርኛውም አፋርኛውም የየራሱ ጥቂት ድምፅ አለው፣ አብዛኛውም ከእኛ ጋር ይገጥማል። ሰው ዘወትር የሚጠራውን ነገር ደግሞ በአጭሩ መጥራት ይወዳል። ስለዚህ አጫጭር ቃላት መጋጨታቸው አይቀርም። የማይጋጩ ቢሆን ነበር የሚገርመው።

ልጅቱ፦ አድዋ ሳሉ እንዲህ ያለ ገጥሞዎት ያውቃል?

የኔታ፦ በየማለዳው ነዋ! «ሎሚ ዕዳጋ እዩ» ይላሉ። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው የሎሚ ገበያ ይመስለዋል፤ «ዛሬ ገበያ ነው» ማለታቸው ነው። በትግርኛ ሎሚ ዛሬ ነው፤ የሚጨመቀውን ለሚን ይሉታል። የዛሬው ሎሚ ከግእዝ ነው የመጣው። ግእዝ ዛሬን «ዮም» ይላል፤ ለ ሲቀድመው ለዮም፣ ቆይቶ ሎሚ። የእኛ ሎሚ ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ ነው። ፋርሱ ሊሙ አለው፣ ዐረቡ ለይሙን፣ ጣሊያኑ ሊሞኔ፣ እንግሊዙ ሌመን። አንዱ ከቤተ መቅደስ፣ አንዱ ከነጋዴ ጓዝ ወጥተው ባንድ ድምፅ ተገናኙ። ከዚህ በቀር ዝምድና የላቸውም።

ልጅቱ፦ እኔም ከሚሴ የሰማሁት አንድ አለ። «ገና» ይላሉ፣ ነን አጥብቀው፣ ልክ እኛ በዓሉን እንደምንጠራው። ግን የሚያወሩት ስለ ዝናብ ነበር።

የኔታ፦ መልካም ጆሮ አለሽ! በኦሮምኛ ገና ክረምት ነው። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ ሰማይ ጠርቶ ውርጩ በሚጋገርበት፤ የእነሱ ገና ሐምሌና ነሐሴ፣ ይህ ጣርማ በር በጉም በሚሸፈንበት። ያንዱ ገና ሲገባ የሌላው ገና ወራት አልፎታል። የበዓሉን ስም ብዙ ሊቃውንት ልደት ከሚለው የግሪክ ቃል ያመጡታል። ሦስተኛም ጨምሪ፦ «ገና አልመጣም» የምንለው ላልቶ የሚነበብ ገና አለ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም፤ ሁለቱንም አንድ አድርጎ ያሳይሻል። በቅኔ ቤት «ጠብቆ ነው ላልቶ?» ብለን ሳንጠይቅ አንድ ስንኝ የማንተረጉመው ለዚህ ነው።

ልጅቱ፦ እነዚህ ከሁለት ቋንቋ ተገናኙ። በአንዱ በአማርኛ ውስጥስ?

የኔታ፦ «መስከረም ጠባ» ትያለሽ፤ «ሕፃኑ ጡት ጠባ»ም ትያለሽ። ሁለቱም ይጠብቃሉ፣ ልዩነት አይሰማሽም። ግእዙን ስትጠይቂ ግን ይለያዩልሻል። የነጋው «ጸብሐ» ነው፣ ጡት የጠባው «ጠበወ»። አማርኛ ጸን ወደ ጠ አዞረ፣ መጨረሻ ያሉትንም ድምፆች ጣለ፤ ሁለት ሩቅ ሰዎች አንድ ልብስ ለበሱ። «ሠረቀ»ና «ሰረቀ»ም እንዲሁ ናቸው። ፀሐይ ስትወጣ ሠረቀት ይላል ግእዝ፤ ሌባም ሰረቀ። ዛሬ ስናነባቸው አንድ ናቸው። ዐረብ ግን እስካሁን ለይቶ ይዟቸዋል፦ ለፀሐይዋ ሸረቀ፣ ለሌባው ሰረቀ። ምሥራቅ የሚለው ስማችን ከፀሐይዋ የመጣ ነው። ፊደል አስተማሪ ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ ለይ እያለ ልጅ ሲያስጨንቅ ከንቱ ድካም አይደለም፤ የጠፋ ድምፅ መቃብር ነው የሚያስጠብቀው።

ልጅቱ፦ እንግዲያው የከተማችንን ስም ልጠይቅዎ። ደብር ቤተ ክርስቲያን ነው። «ደበረኝ»ም እንላለን፣ ድብርትም አለ። ይዛመዳሉ?

የኔታ፦ በድምፅ እንጂ በምሥጢር አይገናኙም። ደብር በግእዝ ተራራ ነው። ደብረ ሲና፣ የሲና ተራራ። መናንያን ተራራ ላይ ስለሚቀመጡ ስሙ ከተራራው ወደ ገዳሙ፣ ከገዳሙ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወረደ፤ ዛሬ ሜዳ ላይ የተተከለውንም ደብር እንለዋለን። በትግረ ቋንቋ ግን ደብር አሁንም ተራራ ነው።

አሁን የሚያስተውን ልንገርሽ። በዕብራይስጥ «ዳባር» ቃል ማለት ነው፤ ዐሥሩ ትእዛዛትም በኦሪት «ዐሥሩ ቃላት» ተብለዋል። የተሰጡት የት ነው? በሲና ተራራ! ሦስቱ ፊደላት ደ፣ በ፣ ረ፣ ቦታው አንድ፣ ታሪኩ አንድ። ሰባኪ ቢያገኘው «ደብረ ሲና ማለት ቃለ ሲና ማለት ነው» ብሎ ጉባኤውን ያስደንቅበታል። ይጣፍጣል፣ ግን አይሆንም። ግእዝ ቃልን «ቃል» ወይም «ነገር» ይላል እንጂ ደብር ብሎ አያውቅም። ዐረቡም በዚያው ሦስት ፊደል «ዱብር» ሲል ኋላን ማለቱ ነው። ትርጓሜ በጣፈጠ ቁጥር አብዝተሽ መርምሪው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን ትልቁን የግእዝ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጁ መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ በጀመሩት ላይ ነው የቀጠሉት፤ ግእዙን ከዕብራይስጡ፣ ከሱርስቱ፣ ከዐረብኛው እያስተያዩ። የሁለት ሰው ዕድሜ የፈጀ ሥራ ነው። ቃልን በድምፁ ብቻ መፍታት ቢቻል ኖሮ ያን ያህል ባልደከሙ።

ልጅቱ፦ ድምፁም ፍቺውም አንድ ከሆነስ? ያኔ ዘመድ ነው አይባልም?

የኔታ፦ ያም አይበቃም። በአውስትራሊያ ምባባራም የሚባል የነባር ሕዝብ ቋንቋ ነበረ፤ ውሻን «ዶግ» ይል ነበር፣ ልክ እንደ እንግሊዙ። ከእንግሊዝ አልወሰደውም፤ በራሱ የድምፅ ለውጥ ከሌላ ጥንታዊ ቃል የደረሰበት ነው። እናት የምትጠራበትም እንዲሁ ያታልላል። ሕፃን አፉን ከፍቶ መጀመሪያ የሚያወጣው ማ፣ ባ፣ ዳ ነው፤ ወላጆች ለራሳቸው ይወስዱታል። በጆርጂያ ቋንቋ ግን «ማማ» አባት ነው፣ እናት «ዴዳ» ናት። በእኛ ማማ ገበሬ ማሽላውን ከወፍ የሚጠብቅበት ነው።

ልጅቱ፦ ታዲያ ዘመዱን ከባዳው በምን ልለይ?

የኔታ፦ በተደጋገመ ነገር። ጸ ወደ ጠ ዞረ ያልኩሽ አንዴ ብቻ ቢሆን አትመኚው። ግን ጸጕር ጠጉር ሆነ፣ ጽላሎት ጥላ ሆነ፣ ጸብሐ ጠባ ሆነ። መንገዱ አንድ ሲሆን ዝምድናው ይታወቃል። አሁን ወደ ጎረቤቶቻችን እንሂድ። አፍን አማርኛም ግእዝም አፍ ይላሉ። አፋርም ሱማሌም «አፍ» ይላሉ፣ ቋንቋንም በዚያው ስም ይጠራሉ፤ ኦሮሞው «አፋን» ይላል። እኛስ «አፍ መፍቻ ቋንቋ» እንል የለ?

ልጅቱ፦ ይኸ ዘመድ ይመስላል።

የኔታ፦ ይመስላል፤ ግን በአንድ ቃል አትፍረጂ፣ ምክንያቱም ዕብራይስጥ «አፍ» ሲል አፍንጫን ነው! የእሱ አፍ ከ«አንፍ» የመጣ ነው፤ ነን ዋጠው። ግእዝም ዐረብኛም አፍንጫን አንፍ ይላሉ። ስለዚህ ሌላ ምስክር ጥሪ። ግእዝ «አነ፣ አንተ»፤ ኦሮምኛ «አኒ፣ አቲ»፤ አፋርኛ «አኑ፣ አቱ»። እኔ ባይ ላይ ነ፣ አንተ ባይ ላይ ተ፣ በሁሉም። እሱም አልበቃ ካለሽ ግስ ውስጥ ግቢ። እኛ ለወንዱ «ይመጣል»፣ ለሴቷ «ትመጣለች» እንላለን። ሱማሌው መጣ ለማለት ለወንዱ «ዪሚ»፣ ለሴቷ «ቲሚ» ይላል። ይን ለወንድ፣ ትን ለሴት። ሎሚን ከነጋዴ ትገዢያለሽ፤ ይህን ግን ማንም ከገበያ አይገዛውም፣ ከአያት የሚወረስ ነው። ሴማዊውና ኩሻዊው ቋንቋ ከአንድ ግንድ ነው የሚባለው በእንዲህ ያለ ማስረጃ ነው።

ልጅቱ፦ ስለዚህ ሴራ በሚለው ያስፈራን ሰውዬ፣ እኔና አንተ በሚለው ዘመዳችን ነው?

የኔታ፦ ቋንቋው ዘመድ ነው። እሑድ ሰንበቴ ገበያ ትወርጂ የለ? አፋሩም አርጎባውም ኦሮሞውም አማራውም እዚያ አለ። «ጋራ» የሚለውን ይዘሽ ውረጂ። እኛ ተራራውንም ጋራ እንላለን፣ «ከኔ ጋራ ና»ም እንላለን። ኦሮሞው ጋራ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ጠይቂው፤ ቀጥሎም ገራ ሲል። ከየማን አፍ እንደሰማሽ፣ ጠብቆ ይሁን ላልቶ፣ ረዝሞ ይሁን አጥሮ ጽፈሽ አምጪልኝ። ሰኞ እንቀመጥበታለን።