ፊቱ የማይነበበው ወታደር

ለመሆኑ አሻንጉሊት ማሾፍ ይችላል? ከንፈሩ እንጨት፣ ዓይኑ ቀለም ነው። የቼኩ ፊልም ሠሪ ይርዢ ትርንካ ግን አንድ የታወቀ የስላቅ መጽሐፍ ወደ ፊልም ሲያዞር የተማመነው በዚሁ በማይነቃነቅ ፊት ነው።

መጽሐፉ ያሮስላቭ ሃሼክ ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት የጻፈው «ደጉ ወታደር ሽቬይክ» ነው። ሃሼክ ራሱ ለኦስትሪያ-ሀንጋሪ ዘምቶ በ1915 በሩሲያ ጦር ተማርኳል፤ መጽሐፉን ሳይጨርስ በ1923 ሞተ (ዘመኖቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሽቬይክ ትእዛዝን እምቢ አይልም። ሰላምታ ሰጥቶ፣ ቃል በቃል ይፈጽማል፤ ሲፈጽመው ነው ነገሩ የሚበላሸው። ጅል ነው ወይስ ተንኮለኛ? አለቆቹ አያውቁም፣ አንባቢውም እርግጠኛ አይሆንም። ለማስተማር ልምምድ የወጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ «ገባችሁ?» ሲባል «አዎ መምህር» ብሎ ፊቱ ምንም የማይናገር ልጅ አይጠፋም።

ይህን ሰው ተዋናይ ሲጫወተው አንዲት ጥቅሻ ካመለጠችው ምሥጢሩ ወጣ ማለት ነው። አሻንጉሊት ግን አይጠቅስም። ትርንካ በ1954 እና በ1955 በሦስት ክፍል የሠራቸው አሻንጉሊቶች ዮሴፍ ላዳ ለመጽሐፉ የሣላቸውን ሥዕሎች የተከተሉ ናቸው። ታሪኩን የሚተርከው ተዋናዩ ያን ቬሪህ ነው። ትርንካ እንደ ልማዱ ስሜትን የሚያሳየው በራስ ማዘንበል፣ በመብራትና በካሜራ አቅጣጫ ነው። አሠራሩ ትዕግሥት ይፈጃል፦ አሻንጉሊቱን ትንሽ ማንቀሳቀስ፣ ማንሳት፣ እንደገና ማንቀሳቀስ። በአንድ ሰከንድ ፊልም 24 ምስሎች ያልፋሉ፤ በደቂቃ 1,440 መሆኑ ነው።

ከክፍሎቹ አንዱ ባቡር ያመለጠው ሽቬይክ ወደ ክፍለ ጦሩ በእግሩ የሚያደርገውን ጉዞ ያሳያል። ዞሮ ዞሮ መንገዱ ይጠፋበትና ሰላይ ተብሎ ይያዛል። ወደ ጦርነት ልሂድ ያለ ሰው መታሰሩን ልብ በሉ!

የቀረ ነገርም አለ። ሽቬይክ በመጽሐፉ ውስጥ ወሬው አያልቅም፣ ለሁሉም ነገር አንድ ተረክ አለው። ያ ሁሉ ፊልሙ ውስጥ አይገባም። እኔ ግን አልከፋኝም።

አሁን ለትምህርት መርጃ ከካርቶንና ከጨርቅ አሻንጉሊት የምትሠሩ ሠልጣኞች አፉን የሚከፍት ሽቦ ፍለጋ ስትደክሙ አያለሁ። አፉን ተዉት። አንገቱን ላላ አድርጉትና ራሱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሉት፤ ከዚያ መብራቱን አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች አብርታችሁ ተመልከቱት።