ፓኔል ፀሐይ አይሞቅም

(ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ጋቢያቸውን ደርበው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። የጎረቤት ልጅ፣ የአካውንቲንግ ተማሪ፣ ሞባይሏን ይዛ መጣች።)

ተማሪ፦ ጋሼ፣ የተማሪዎች የቪዲዮ ውድድር ልገባ ነው። ሶላር እንዴት እንደሚሠራ በ3 ደቂቃ ለልጆች ማስረዳት ነው። እስቲ ይዩልኝ።

መምህር፦ ፀሐይዋን መነጽር አድርገሽ አሳቅሻታል፤ ይሁን። ይሄ ፓኔሉ ላይ የሚወርደው ቀይ ቀስት ምንድን ነው?

ተማሪ፦ ሙቀቱ ነዋ! ፓኔሉ ተቀብሎ ኤሌክትሪክ ያደርገዋል።

መምህር፦ ይኸው! ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም፣ የቋንቋችንም ነው። ብርሃኑንም ሙቀቱንም «ፀሐይ» እንላለን። «ፀሐይ ልሙቅ» ሲባል እየሰማ ያደገ ልጅ ፓኔሉም ጣራ ላይ ወጥቶ ፀሐይ የሚሞቅ ይመስለዋል። አንድ ዓይነት ፓኔል፣ እኩል ብርሃን እያገኘ፣ እዚህ ብርድ ላይና ሰመራ ላይ ቢቀመጥ የቱ ይበልጣል?

ተማሪ፦ የሰመራው።

መምህር፦ የእኛው! ጀርባው ላይ የተጻፈው ዋት የተለካው ሴሉ 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ ነው። ከዚያ በላይ ሲግል የተለመደው የሲሊከን ፓኔል በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። 65 ዲግሪ ከደረሰ፣ በቆላ ቀትር ብርቅ አይደለም፣ 16 በመቶው ሄደ ማለት ነው።

በዚህ ነገር ደብዳቤ ተጽፎብኛል። ከ30 ዓመት በፊት ገጠር ሳስተምር ለትምህርት በሬዲዮ የሚሆን ፓኔል መጣልን። ርእሰ መምህሩ «ሙቀቱን ይጥገብ» ብለው ከቆርቆሮው ጋር አስለጥፈው አስመቱት። እኔ በእንጨት ከፍ ይበል፣ ነፋስ በሥሩ ይለፍ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ይበል አልኩ። ሳቁብኝ። በሦስተኛው ወር ትምህርቱ መሐል ላይ ሬዲዮው ሰለለና ጠፋ። እኔም አላስችል ብሎኝ ሰልፍ ላይ «ነግሬ ነበር» አልኩ። በማግስቱ ደብዳቤ! «አለቃን በተማሪ ፊት ማዋረድ» ይላል። አራት መስመር ነው። «ማስጠንቀቂያ» የሚለውን ቃል ራሱን አሳስተው ጽፈውታል። እስከ ዛሬ ሳጥኔ ውስጥ አለ።

ተማሪ፦ ሬዲዮው የጠፋው ግን በሙቀቱ ነው ወይስ ፓኔሉን አቧራ ሸፍኖት?

መምህር፦ አቧራም ነበረው። እሱ ሌላ ነገር ነው።

ተማሪ፦ እሺ፣ ታዲያ ብርሃኑ ምን ያደርጋል?

መምህር፦ የሲሊከን የውጪ ኤሌክትሮኖች አራት ናቸው፤ እንደ ታክሲ የኋላ ወንበር ቁጠሪው። በአንዱ የሲሊከን ንብርብር ውስጥ ፎስፈረስ ይጨመራል፤ አምስት ስላለው ትርፍ ይጭናል። በሌላው ውስጥ ቦሮን ይጨመራል፤ ሦስት ብቻ ስላለው ባዶ ቦታ ያስቀራል። ሁለቱ ንብርብሮች ሲገናኙ ድንበሩ ላይ ኤሌክትሮንን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚገፋ መስክ ይፈጠራል። ብርሃን መጥቶ ኤሌክትሮኑን ከተቀመጠበት ያስነሣዋል፣ መስኩ ይገፋዋል። ወደ ቦታው ለመመለስ በሽቦው ዞሮ በአምፖሉ በኩል ማለፍ አለበት። ኤሌክትሪኩ ያ ዙረት ነው። ቤክሬል የተባለ ሳይንቲስት ብርሃን ኤሌክትሪክ ሲፈጥር በ1839 እ.ኤ.አ. አየ፣ በ1954 የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች የብርሃኑን 6 በመቶ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር የሲሊከን ሴል አሳዩ፤ ይሄን ቪዲዮሽ ውስጥ አታስገቢው።

ተማሪ፦ ለልጆች አይከብድም?

መምህር፦ አለን አልዳ የሚባለው አሜሪካዊ ተዋናይ በ11 ዓመቱ «ነበልባል ምንድን ነው?» ብሎ አስተማሪውን ቢጠይቅ «ኦክሲዴሽን ነው» ተብሎ ተሸኘ። በ2012 እ.ኤ.አ. ያንኑ ጥያቄ ለሳይንቲስቶች ውድድር አደረገው፤ ዳኞቹም የ11 ዓመት ልጆች ሆኑ። ያሸነፈው ቤን ኤምስ የተባለ የኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በካርቱንና በዘፈን ነው፤ ኬሚስትሪውን ግን አልዘለለም። ልጅ የሚከብደው ስም ብቻ ሰጥተሽው ስትሄጂ ነው።

ነይ፣ ያቺን የሶላር ፋኖስ አምጪያት። ቀይዋ የመሙያ መብራት በርታለች? አሁን አንዷን ሴል ብቻ በጣትሽ ሸፍኛት።

ተማሪ፦ ጠፋች! ሌሎቹ ፀሐይ ላይ ናቸው እኮ።

መምህር፦ በተርታ ነዋ የተያያዙት። አንዷ ከዘጋች መንገዱ ተዘጋ። ሙቀት ቢሆን ኖሮ በአንድ ጣት ጥላ እንዲህ ወዲያው ይጠፋ ነበር? ቀዩን ቀስት አውጪና ይሄን ቅረጪ።

ተማሪ፦ ቀርጬዋለሁ፤ ከመጣሁ ጀምሮ ክፍት ነው። የደብዳቤው ታሪክ ብቻውን ግን ከ3 ደቂቃ ሊያልፍ ነው።

መምህር፦ ቁረጪው። የፊደል ግድፈቱን ግን ተዪልኝ።