የሰማነውን የጤና ወሬ እንዴት እንመዝን?



በሮቤም ሆነ በጎባ ብርዱ ሲጠና ቡናው አይቋረጥም። ከአቦል እስከ በረካ ደግሞ ወሬ አይጠፋም። «የሦስት ወር መርፌ መካን ያደርጋል» ትላለች አንዷ ጎረቤት። ማታ ያው ቃል ለባል በስልኩ ይደርሰዋል። ባልና ሚስት ይደነግጣሉ፣ ሚስት ቀጠሮዋን ትተዋለች፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ያልታሰበ እርግዝና ይመጣል። መርፌውን ያስቆማት ሐኪም ሳይሆን ባለቤቱ ያልታወቀ ወሬ ነው።

ነገሩ የጥቂት ቤቶች ጉዳይ አይደለም። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከባለትዳር ሴቶች 41 በመቶ ያህሉ የወሊድ መቆጣጠሪያ ይጠቀሙ ነበር። 27 በመቶ ያህሉ የመረጡት መርፌን ነው። ስለዚህ ስለ ጤና የሚነገር ማንኛውም ቃል ከመታመኑ በፊት በሚከተሉት አራት ጥያቄዎች ሊመዘን ይገባዋል።

1. ማን ተናገረው? የተናጋሪው ስም፣ ሙያና የሚሠራበት ተቋም ይታወቃል? የሚያወድሰውን መድኃኒት ራሱ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ሌላ የጤና ባለሙያ ጠይቁ።

2. መቼ ተነገረ? ቀድሞ «መርፌው በኤች አይ ቪ የመያዝን ዕድል ይጨምር ይሆናል» የሚል ሥጋት በባለሙያዎችም ዘንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያ፣ በዛምቢያና በኢስዋቲኒ በ7,829 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤት ወጣ። መርፌውን፣ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውንና መዳብ ያለውን ሉፕ በተጠቀሙት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት መመሪያውን አሻሻለ። ስለዚህ ዓመተ ምሕረት የሌለው ጽሑፍ ጊዜው ያለፈበት ሊሆን ይችላል። ይሁንና ከሦስቱ አንዱም ኤች አይ ቪን አይከላከልም፤ ለዚህ ኮንዶም ያስፈልጋል።

3. ከስንቱ ስንቱ? እ.ኤ.አ. በ1995 በብሪታንያ አንዳንድ አዳዲስ የሚዋጡ የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒኖች በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ እጥፍ ያደርጋሉ የሚል ማስጠንቀቂያ ተነገረ። ቃሉ ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን «እጥፍ» የተባለው፣ ከ7,000 ሴቶች አንዷን ያገኝ የነበረው ችግር ሁለቱን ማግኘቱ ነው። ብዙ ሴቶች ደንግጠው ኪኒኑን አቆሙ። በተከታዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ 13,000 ያህል ተጨማሪ ውርጃ እንደተፈጸመ ይገመታል። እርግዝና ራሱ ግን ደም የመርጋትን አደጋ ከኪኒኑ ይበልጥ ይጨምራል። ስለዚህ «ይጨምራል» ወይም «ይቀንሳል» ሲባል ከስንት ወደ ስንት ብላችሁ ጠይቁ።

4. ሁለቱንም ወገን ተናግሯል? ጥቅሙን ብቻ የሚነግር እንደ ሻጭ ነው፤ ጉዳቱን ብቻ የሚነግርም ያስፈራራል እንጂ አያስተምርም። ስለ መርፌው ሁለቱም ወገን ሲነገር እንዲህ ነው። በየሦስት ወሩ ሳይስተጓጎል ከተወሰደ እርግዝናን በሚገባ ይከላከላል፤ የማሕፀን ግድግዳ ካንሰርንም አደጋ ይቀንሳል። በሌላ በኩል የወር አበባን ያዛባል ወይም ያስቀራል፤ የአንዳንድ ሴቶችን ክብደት ይጨምራል። ካቆሙት በኋላም መፀነስ ጥቂት ወራት ሊዘገይ ይችላል። የጎረቤቲቱ ወሬ ምንጩ ይህ መዘግየት ሳይሆን አይቀርም። መዘግየት ግን መካንነት አይደለም።

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ይባላል። የምትጠቀሙበትን ዘዴ የሚመለከት አስደንጋጭ ነገር ስትሰሙ ቀጠሮአችሁን ከመሰረዛችሁ በፊት ወደ ጤና ጣቢያችሁ ወይም ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሂዱ። ባለሙያውንም «ይህ ከየት የተገኘ ነው?» ብላችሁ ለመጠየቅ አትፈሩ። ይህችን ጽሑፍም ቢሆን በአራቱ ጥያቄዎች መዝኗት።

ለባልና ሚስት መወያያ
ሀ. ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ በቅርቡ የሰማችሁት ምንድን ነው? የነገራችሁስ ማን ነው?
ለ. ከአራቱ ጥያቄዎች ስንቱን ይመልሳል?
ሐ. ያልተመለሰውን ዛሬ፣ እዚሁ፣ ተራችሁ ሲደርስ ማንን ትጠይቃላችሁ?