በበረዶ የታሰረው ንጉሥ

ዳንቴ አሊጊዬሪ የሚባል የኢጣልያ ባለቅኔ ነበረ። እርሱም እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1265 ዓ.ም. ፍሎሬንስ በምትባል ከተማ ተወለደ። አድጎም ከተማዪቱን ከሚያስተዳድሩት ስድስት አለቆች አንዱ ለመሆን በቃ። ነገር ግን በከተማዪቱ ሁለት ወገኖች ይጣሉ ነበርና፥ ጠላቶቹ በበረቱ ጊዜ በ1302 ዓ.ም. ጉቦ በልቷል ብለው ፈረዱበት፤ ወደ አገሩም ቢመለስ በእሳት እንዲቃጠል ቈረጡ። ስለዚህ በ1321 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ በስደት ኖረ።

በስደቱም ሳለ ታላቅ የግጥም መጽሐፍ ደረሰ። ከመጽሐፉ 100 ምዕራፎች 34ቱ ስለ ሲኦል ይናገራሉ። ይህም በዓይኑ ያየው አይደለም፤ ሰው ኃጢአትን እንዲጠላ በምሳሌ ያሰበው ነው።

በታሪኩ ዳንቴ በዱር ውስጥ መንገድ ጠፍቶበት ሳለ፥ ቨርጂል የሚባለው የጥንት የሮም ባለቅኔ መጥቶ ይመራዋል። ሲኦል ከላይ ሰፊ፥ ከታች ጠባብ የሆነ ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ ዙሪያውንም 9 እርከኖች አሉት። ኃጢአቱ የከፋ ሰው ቦታው ወደ ታች ይርቃል። በ3ኛው እርከን ሆዳሞች በብርድ ዝናብ ጭቃ ላይ ተጋድመዋል፤ በ4ኛው ገንዘብ ወዳዶች ከባድ ሸክም በደረታቸው ይገፋሉ፤ በ5ኛውም ቍጡዎች በረግረግ ውስጥ ይደባደባሉ።

በ8ኛው እርከን ጉቦ የበሉ ሹማምንት በሚፈላ ዝፍት ውስጥ ይቀቀላሉ። አጋንንትም ሜንጦ ይዘው በዳር ይጠብቃሉ፤ ራሱን ብቅ ያደረገውን ይወጉታል። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ኃጢአተኛ አታሎ ባመለጣቸው ጊዜ፥ ሁለት አጋንንት በዚህ ተጣልተው በአየር ላይ ተያያዙና ሁለቱም ከዝፍቱ ወደቁ። ክንፋቸውም ስለ ተጣበቀ መነሣት ተሳናቸው፤ ባልንጀሮቻቸውም ሊያወጧቸው ያንኑ ሜንጦ ዘረጉላቸው። «ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፤ ማን እንደሚገባበት አታውቅምና» የተባለው ደረሰባቸው።

የመጨረሻው 9ኛው እርከን የከዳተኞች ነው። በዚያ እሳት የለም፤ እንደ መስተዋት የረጋ የበረዶ ሐይቅ እንጂ። በመካከሉ የአጋንንት ንጉሥ ሳጥናኤል እስከ ደረቱ በበረዶ ተይዞ ቆሟል። ሦስት ፊትና ስድስት ክንፍ አለው። በሦስቱ አፉ ጌታውን የሸጠውን ይሁዳን፥ ምሮ የሾማቸውን ዩልዮስ ቄሣርን የገደሉትን ብሩቱስንና ካስዮስን ያኝካል። ክንፎቹንም ባርገበገበ ቍጥር ብርቱ ነፋስ ይነሣል፤ ሐይቁን በረዶ የሚያደርገው ያው ነፋስ ነው። እንግዲህ ሳጥናኤልን ያሰረው ሌላ ሰንሰለት አይደለም፤ የገዛ ክንፉ ነው። ንጉሥ ይባላል፤ ነገር ግን ከእስረኞቹ ሁሉ በታች እርሱ አለ።

ክፋትም እንዲሁ ናት። የባልንጀራውን እርሳስ የሰረቀ ተማሪ ለመሸሸግ ይዋሻል፤ ውሸቱንም ለመደገፍ ሌላ ውሸት ይጨምራል፤ በመጨረሻም ባልሠራው ልጅ ላይ ያሳብባል። ያመለጠ ሲመስለው በረዶው ይበረታበታል።

ዳንቴና ቨርጂል ግን ከዚያ ወጡ። የሳጥናኤልን ጠጕር ይዘው ወረዱና፥ ወደ ምድር መካከል በደረሱ ጊዜ ዞረው ራሳቸውን እግራቸው በነበረበት አደረጉ። ከዚያ ወዲያ መንገዳቸው ወደ ላይ ሆነ፤ ወጥተውም ከዋክብትን አዩ። ከክፋትም መውጫው ይኸው መመለስ ነው፤ «እኔ ነኝ የሰረቅሁት፤ ይቅር በለኝ» ያለ ልጅ ያን ጊዜ መውጣት ጀምሯል።

ጥያቄ።
1፤ ዳንቴ ስለ ምን ከአገሩ ተሰደደ?
2፤ ሁለቱ አጋንንት ስለ ምን ከዝፍቱ ወደቁ?
3፤ ሳጥናኤልን ያሰረው ምንድር ነው?