ከጀርባ የሚወርድ ኳስ፦ የኋላ ተከላካይ ፊዚክስ

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ጨዋታ የተመለከተ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ኳሷ ከሜዳው አጋማሽ ወደ ላይ ትለጋለች፤ የኋላ ተከላካዩ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ይወጣል፤ ኳሷ ግን በራሱ ላይ አልፋ ከጀርባው ታርፋለች። ተመልካቹ «ሰነፍ!» ይለዋል። በእኛ አስተያየት ጥፋቱ የስሌት እንጂ የስንፍና አይደለም።

ይህ ጥያቄ ከማንም ይበልጥ የሚያሳስባቸው የአሜሪካን ፉትቦል አሠልጣኞች ናቸው። በዚያ ጨዋታ ኳስን በእጅ ወደ ፊት መወርወር እ.ኤ.አ. በ1906 ተፈቀደ፤ ተቀባዩም ከተከላካዮች ጀርባ እንዳሻው መሮጥ ይችላል። መሥመር ዳኛ በሌለበት የገጠር ሜዳችንም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ከጨዋታ ውጭ የሚለውን ሕግ ማን ያስከብራል? ስለዚህ አሜሪካውያኑ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎችን ወደ ኋላ አርቀው ያቆማሉ። ሁለት ይሁኑ ወይስ ሦስት?

እናስላው። ሜዳቸው 48.8 ሜትር ስፋት አለው። ሁለት ሰዎች ቢካፈሉት በድርሻው መካከል የቆመው ተከላካይ ወደ ጎን እስከ 12 ሜትር፣ ሦስት ቢሆኑ እስከ 8 ሜትር ይሮጣል። ተከላካዩ ለመንቃት 0.3 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ሽምጠጣው በሰከንድ ስኩዌር 3.5 ሜትር፣ ከፍተኛ ፍጥነቱም በሰከንድ 7 ሜትር ነው እንበል። 12 ሜትሩን በ3 ሰከንድ፣ 8 ሜትሩን በ2.45 ሰከንድ ይጨርሳል። ረጅም ኳስ በአየር ላይ የሚቆየው 3 ሰከንድ ያህል ነው። ሁለቱ ለጥቂት ይደርሳሉ፤ ሦስቱ ግን ግማሽ ሰከንድ ይተርፋቸዋል። በእኛ 68 ሜትር ሜዳ ላይ ደግሞ አራት ተከላካዮች 2.5 ሰከንድ ገደማ ይበቃቸዋል።

የቦታው ከፍታም ድርሻ አለው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ላይ ትገኛለች። ሙቀቱ እኩል ቢሆን የአየሩ እፍግታ በባሕር ጠረፍ ካለው በ20 በመቶ ያህል ያንሳል። 430 ግራም የምትመዝን ኳስ በሰከንድ 25 ሜትር ፍጥነት በ40 ዲግሪ ብትለጋ፣ አየር ባይኖር ኖሮ 63 ሜትር በሄደች ነበር። የአየሩን ሰበቃ ስናስገባ ግን በጅቡቲ ጠረፍ 43 ሜትር፣ በፍኖተ ሰላም 46 ሜትር ያህል ትሄዳለች። ሦስት ሜትር ማለት ኳሷን በግንባር በመመለስና ከኋላዋ በመሮጥ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በከፍታዋ የምትኮራው የአሜሪካዋ ዴንቨር እንኳ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፤ ከፍኖተ ሰላም ዝቅ ትላለች።

ታዲያ ተከላካዩ በሩጫ ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ እንዴት ያሰላል? አያሰላም። ፊዚክስ ሊቁ ሴቪል ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳየው ብልሃት ይበቃዋል። ኳሷን ሲመለከት ዓይኑ ከአግድም መሥመር ወደ ላይ የሚሠራውን ዘዌ ያስተውል። የኳሷ ከፍታ ያለፈው ጊዜ፣ የቀሪው ጊዜና የምድር ስበት ሽምጠጣ ግማሽ ብዜት ነው። ተከላካዩ ኳሷ በምታርፍበት ቦታ ላይ ከቆመ፣ ከኳሷ ያለው አግድም ርቀት የአግድም ቶሎታዋና የቀሪው ጊዜ ብዜት ይሆናል። አንዱን ለሌላው ስናካፍል ቀሪው ጊዜ ይሰረዛል፤ ስለዚህ የዘዌው ታንጀንት ካለፈው ጊዜ ጋር በእኩል መጠን ያድጋል። እድገቱ ከፈጠነ ኳሷ ከጀርባ ትወርዳለች፤ ከዘገየ ከፊት ትወድቃለች። የአየር ሰበቃ ይህን ሕግ በመጠኑ ያዛባዋል፤ የእረኛ ልጅ ግን የጨርቅ ኳስ ሲያሳድድ ስሙን ሳያውቅ ይሠራበታል።

ቁምነገሩ አስቀድሞ መንቀሳቀስ ነው። በሰከንድ 7 ሜትር የሚሮጥ አጥቂ በቆመ ተከላካይ ላይ፣ ተከላካዩ ነቅቶ እኩል ፍጥነት እስኪደርስ ድረስ፣ 9 ሜትር ያህል ይቀድመዋል፤ ስለዚህ ተከላካዩ ያን ያህል ወደ ኋላ ርቆ መቆም ይኖርበታል። አስቀድሞ በሰከንድ 3 ሜትር ወደ ኋላ መሄድ ከጀመረ ግን 3.5 ሜትር ይበቃዋል። ሁለት እርምጃ ወደ ፊት የወጣው ልጅማ መጀመሪያ ቆሞ መዞር አለበት።

የቡሬ ተማሪዎች ይህን ስሌት ለከተማቸው ይድገሙት። ከፍታዋ 2,100 ሜትር ገደማ ነው፤ ሰዓት የሚይዝ አንድ ልጅና ሜትር ካለ መለኪያውም አያስቸግርም።